ከሚስቶች ክፍል እስከ ቦርድ ጠረጴዛ

(በጽሑፉ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቆዩት የእንግሊዝ ስታዲየሞች ከክብር ትሪቡኑ ጀርባ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። አንደኛው የዳይሬክተሮች ክፍል ነው። የሁለቱ ክለቦች ባለቤቶችና የቦርድ አባላት ከጨዋታ በፊትና በእረፍት ሰዓት መጠጥ ይዘው ይቀመጡበታል። የተጫዋች ሽያጭ ወሬ የሚጀመረው፣ አሰልጣኝ ይሰናበት አይሰናበት የሚባለው እዚያ ነው። ሁለተኛው የሴቶች ክፍል ይባላል። የእነዚያ ሰዎች ሚስቶች ሻይ እየጠጡ ባሎቻቸው እስኪጨርሱ ይጠብቁበታል። በአንዳንድ ክለቦች ሴት የመጀመሪያውን ክፍል ደፍ እንዳትረግጥ የሚከለክለው ልማድ እስከ 1990ዎቹ ዘልቋል። የተጻፈ ሕግ አያስፈልገውም ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል።

በመጋቢት 1993 ካረን ብራዲ የምትባል የ23 ዓመት ወጣት የበርሚንግሃም ሲቲ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆና ተሾመች። እንግዲህ ይህች ልጅ ወደ የትኛው ክፍል ትግባ?

ጥያቄው የሚያስቅ ይመስላል። ግን በስፖርት ውስጥ የሴቶች የአስተዳደር ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ሴቶች ሮጠዋል፣ ዋኝተዋል፣ ኳስ ተጫውተዋል፣ ትኬት ገዝተው ትሪቡን ሞልተዋል። ገንዘቡ የሚከፋፈልበት ክፍል ግን ሌላ ቤት ነው።

*

ነገሩ ከብራዲ 70 ዓመት በፊት ይጀምራል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ወደ ግንባር ሲሄዱ ፋብሪካውን የሞሉት ሴቶች ናቸው። ፕሬስተን በምትባል ከተማ የዲክ ከር ፋብሪካ ሠራተኞች የሆኑ ሴቶች ቡድን አቋቋሙ። ታህሳስ 26 ቀን 1920፣ በገና ማግስት፣ በሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ ሲጫወቱ 53 ሺህ ያህል ሰው ገባ። ዛሬም ቢሆን ብዙ የወንዶች ክለብ የሚመኘው ቁጥር ነው። ገቢው ለቆሰሉ ወታደሮችና ለችግረኞች ይሰጥ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ፣ ታህሳስ 5 ቀን 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር በሥሩ ያሉ ክለቦች ሜዳቸውን ለሴቶች ጨዋታ እንዳይሰጡ አገደ። ምክንያት ተብለው ከቀረቡት አንዱ ጨዋታው ለሴት አካል አይስማማም የሚል ነው። ይህን ሁሉም ያስታውሰዋል። የሚረሳው ሁለተኛው ምክንያት ነው፦ ከሴቶቹ ጨዋታ ከተሰበሰበው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት የደረሰው በቂ አይደለም፣ ብዙው በወጪ ስም ጠፍቷል የሚል ክስ። ማለትም ከአካል ጎን ለጎን የሒሳብ መዝገብ ጉዳይም ነበር። ገንዘብ የሚያመጣ፣ ግን በማህበሩ ጠረጴዛ ላይ ያልተቆረሰ ነገር ተፈጥሮ ነበር። እገዳው እስከ 1971 ቆየ። ግማሽ ምዕተ ዓመት!

ለቦርድ ወንበር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነው። ተጫውቶ ያቆመ ሰው አሰልጣኝ ይሆናል፣ ከዚያ ዳይሬክተር፣ ከዚያ የቦርድ አባል። መሰላሉ ይህ ነው። በ1921 የታገደው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ላይኛውን መከልከል አላስፈለገም።

*

በመሰላል መውጣት ያልቻሉ ሴቶች በሌላ በር ገቡ፦ በሞት።

በመጋቢት 1911 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ የቤዝቦል ክለብ ባለቤት ስታንሊ ሮቢሰን ሞተ። ልጅ አልነበረውምና ክለቡን ለወንድሙ ልጅ ለሔለን ብሪተን ተወላት። ብሪተን የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ሊግ ክለብ ባለቤት የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ነች። ያን ጊዜ ክለቡ በሚገኝበት በሚዙሪ ግዛት ሴቶች መምረጥ አይችሉም። ከንቲባ ለመምረጥ ያልተፈቀደላት ሴት ለ20 እና 30 ወንድ ተጫዋቾች ደሞዝ ትፈርም ነበር ማለት ነው።

የሊጉ ሌሎች ባለቤቶች ትሸጣለች ብለው ጠበቁ። አልሸጠችም። የቡድኑ አሰልጣኝና ተጫዋች ሮጀር ብሬስናሃን ስለ ጨዋታ አስተያየት ስትሰጠው ከሴት ትእዛዝ አልቀበልም ባይ ሆነ። ለዓመታት የሚያቆይ ውል ነበረው። በ1912 መጨረሻ አባረረችውና በምትኩ ሚለር ሃጊንስን ሾመች። ሃጊንስ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ሄዶ ከቤብ ሩት ጋር የቤዝቦልን ታሪክ የጻፈ አሰልጣኝ ነው። ሴት ልጅ ኳስ አታውቅም ለሚለው ክርክር ይህ ሹመት ብቻ በቂ መልስ ይመስላል፤ ነገር ግን ክርክሩ በማስረጃ የሚሸነፍ ዓይነት አልነበረም። ብሪተን በአንድ ወቅት የክለቡን ፕሬዚዳንትነት ለባሏ ሰጥታ ከኋላ ትመራ ነበር። በ1916 ትዳሩ ሲፈርስ ፕሬዚዳንትነቱን ራሷ ያዘች። በመጨረሻ ክለቡን ሸጠችው።

ከሷ ይልቅ ብዙ የሚያስገርመው የኤፋ ማንሊ ታሪክ ነው። በ1930ዎቹና 1940ዎቹ ጥቁሮች ከነጮች ሊግ ተከልክለው በራሳቸው ሊግ በሚጫወቱበት ዘመን፣ ማንሊ ከባሏ ከኤብ ጋር የኒውዋርክ ኢግልስ ባለቤት ነበረች። በወረቀት ሁለቱም ባለቤቶች ናቸው። በሥራ ግን ውል የምታዘጋጀው፣ ደሞዝ የምትከፍለው፣ የጨዋታ መርሐ ግብር የምትከራከረው እሷ ነች። ክለቡ በ1946 የጥቁሮቹን ሊግ የዓለም ተከታታይ ውድድር አሸነፈ።

በቀጣዩ ዓመት ጃኪ ሮቢንሰን ወደ ነጮቹ ሊግ ገባ፤ ዓለም አጨበጨበ። ማንሊም ደስ አላት፤ ግን አንድ የማይመች ጥያቄ አነሳች። የብሩክሊኑ ብራንች ሪኪ ዶን ኒውከምን ከኢግልስ ሲወስድ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። የጥቁሮች ክለብ ውል ውል አይደለም ወይ? የክሊቭላንዱ ቢል ቬክ በ1947 ላሪ ዶቢን ሲፈልግ ማንሊ ዋጋ ጠየቀች፤ 15 ሺህ ዶላር ከፈለ። ከነጮቹ ሊግ ሰው ለጥቁር ክለብ ባለቤት ለተጫዋች ገንዘብ መክፈል እንዳለበት ያስተማረች እሷ ነች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በታሪካዊ ቀን ሁሉም ስለ ክብር ሲናገር ስለ ውል የሚያስታውስ ሰው ቦርድ ውስጥ ያስፈልጋል። በ2006 ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ስትገባ ከሞተች 25 ዓመት ሆኗት ነበር። እስካሁን ያች አዳራሽ የተቀበለቻት ብቸኛ ሴት ነች።

አውሮፓ ውስጥም የሞትና የጋብቻ በር ለረጅም ጊዜ ዋናው በር ነበር። የሮማው ክለብ ፕሬዚዳንት ዲኖ ቪዮላ በ1991 ሲሞት ሚስቱ ፍሎራ ለጥቂት ጊዜ ወንበሩን ያዘች። በ2008 ፍራንኮ ሴንሲ ሲሞት ደግሞ ልጁ ሮዜላ ተተካች። ስፔን ውስጥ ማሪያ ቴሬዛ ሪቬሮ ከ1994 ጀምሮ የራዮ ቫዬካኖ ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ባሏ ሆሴ ማሪያ ሩይዝ ማቴዎስ የክለቡ ባለሀብት ነው። ስታዲየሙ ሳይቀር ለዓመታት በስሟ ተጠራ። በ2011 የቤተሰቡ የንግድ ድርጅት ሲፈርስ ተጫዋቾች ደሞዝ አጥተው ቆዩ፣ ክለቡ ተሸጠ፣ ስሟም ከስታዲየሙ ወረደ። ሪቬሮ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው 17 ዓመት ያህል ነው። ውሳኔው የማን ነበር ሲባል ግን አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው ባሏን ነው። በሌላ ሰው ስም የተያዘ ወንበር ሲወድቅ የሚወድቀው በተቀመጠችበት ሴት ላይ ነው።

*

ወደ ብራዲ እንመለስ፤ የሷ በር የተለየ ነበርና።

ብራዲ ባልም አባትም በክለብ ውስጥ አልነበራትም። የማስታወቂያ ሽያጭ ሠራተኛ ነበረች። አሰሪዋ ዴቪድ ሱሊቫን በብልግና መጽሔቶችና በጋዜጣ የከበረ ሰው ነው። በርሚንግሃም ሲቲ ባለቤቶቹ ከስረው በሒሳብ አጣሪ እጅ ሲወድቅ ግዛው ብላ ገፋፋችው፤ በ700 ሺህ ፓውንድ ገደማ ገዛው። ሥራውንም ለሷ ሰጣት። የእንግሊዝ ጋዜጦች ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ራሷ በኋላ እንዳወራችው በመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫዋ የቀረበላት ጥያቄ ስለ ሒሳብ ሳይሆን ስለ ሰውነቷ ልክ ነበር። ከተጫዋቾቹም አንዱ በቡድኑ አውቶቡስ ላይ ስለ ጡቷ ያሾፈባት ጊዜ፣ ወደ ክሩ ክለብ ስሸጥህ ከዚያ አይታይህም ብላ መለሰችለት። ልጁም ተሸጠ። ይህን ደጋግማ ትተርካለች።

ጥሩ ቀልድ ነው። ግን የብራዲ ታሪክ ዋናው ክፍል ቀልዱ አይደለም። ዋናው ሒሳቡ ነው። የከሰረ ክለብ ተረከበች፤ በ1997 ለአክሲዮን ገበያ አቀረበችው፤ በ2002 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጣ፤ በ2009 ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። 16 ዓመት ሙሉ በዚያ ወንበር መቆየት በእግር ኳስ ዓለም ብርቅ ነው፤ አሰልጣኞቹ መጥተው ሄደዋል።

በ2002 ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያለፈበት ጨዋታ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ግንቦት 12 በካርዲፍ በተደረገው የማለፊያ ፍጻሜ በርሚንግሃም በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፈው ኖርዊች ሲቲን ነው። የኖርዊች ዋነኛ ባለድርሻ ማን ነበረች? ዴሊያ ስሚዝ፤ እንግሊዞችን እንቁላል መቀቀል ሳይቀር በቴሌቪዥን ያስተማረች የምግብ ደራሲ። በ1996 ከባሏ ከማይክል ዊን ጆንስ ጋር የኖርዊች ቦርድ ውስጥ ገብታ ክለቡን በራሷ የመጽሐፍ ገንዘብ ደግፋ አቆማለች። በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ አንዱን ክለብ የምታስተዳድረው ሴት፣ የሌላው ዋነኛ ባለድርሻ ሴት። ያን ዕለት ማንም ይህን እንደ ዋና ዜና አላወራውም። ለጊዜው ጥሩ ምልክት ነበር።

ለጊዜው የተባለው በምክንያት ነው። የካቲት 28 ቀን 2005 ኖርዊች ከማንችስተር ሲቲ ጋር እየተጫወተ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 2 ለ 2 ሆነ። በእረፍት ሰዓት ዴሊያ ማይክሮፎን ይዛ ሜዳ ገብታ ደጋፊውን የት ናችሁ፣ ድምፃችሁ የት ገባ ብላ ጮኸች። ሰክራ ነው ተባለ፤ እሷ አልሰከርኩም አለች። ቪዲዮው እስከ ዛሬ ይዞራል። ኖርዊች ጨዋታውን 3 ለ 2 ተሸነፈ። ትሪቡን ላይ ሆነው ዳኛ የሚሳደቡ፣ መልበሻ ክፍል ገብተው የሚጮሁ ወንድ የክለብ ባለቤቶች ስንት ናቸው? እነሱ ስሜታዊ ናቸው፣ ለክለባቸው ይሞታሉ ይባላሉ። ያች አንዲት ደቂቃ ግን ከ9 ዓመት የቦርድ ሥራዋ በላይ ትታወሳለች።

ብራዲም በበኩሏ መልአክ ተደርጋ መሳል የለባትም። ከ2010 ጀምሮ የዌስትሃም ምክትል ሊቀመንበር ሆና ክለቡን ከአፕተን ፓርክ ወደ ኦሎምፒክ ስታዲየም ስታሸጋግር ደጋፊው ቤታችንን ሸጣችሁብን ብሎ አመጸ። በመጋቢት 2018 ከበርንሌይ ጋር በተደረገ ጨዋታ ደጋፊዎች ሜዳ ገብተው የክብር ትሪቡኑ ሥር ቆመው በቦርዱ ላይ ጮኹ። ሴት ቦርድ ውስጥ ስትገባ ክለቡ ደግ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ፣ ዌስትሃም መልሱ ነው። የወንበሩ ጥያቄ የደግነት ጥያቄ ሆኖም አያውቅ፤ ክለቡ የሚጠራው በደጋፊው ስም ከሆነ ግማሹ ሕዝብ ለምን በር ላይ ይቆማል የሚል ነው።

*

ከክለቦቹ በላይ ያለው ቤት ከክለቦቹም ይልቅ ዘግይቷል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር በ1863 ተመሠረተ። በቦርዱ የመጀመሪያዋን ሴት ያስቀመጠው በታህሳስ 2011 ነው። 148 ዓመት። ሔዘር ራባትስ ጃማይካ ኪንግስተን የተወለደች፣ የሚልዋልን ክለብ የመራች ሴት ነች። ለማስጌጫ ብለው አምጥተዋት ከነበረ ተሳስተዋል። በ2013 ማህበሩ የእንግሊዝ እግር ኳስን ችግር የሚያጠና ኮሚሽን ሲያቋቁም አባላቱ አንድ ዓይነት መልክ ስለነበራቸው በጽሑፍ ተቃወመች። በ2015 የቼልሲዋ ሐኪም ኢቫ ካርኔሮ ሜዳ ገብታ ተጫዋች ስላከመች ከጆዜ ሞሪንሆ ጋር ተጋጭታ ሥራዋን ስትለቅ፣ ማህበሩ ጉዳዩን የያዘበትን መንገድ በይፋ የነቀፈችው የማህበሩ የቦርድ አባል ራባትስ ነች። በ2017 ለቀቀች።

በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት የሕዝብ ገንዘብ የሚቀበሉ የስፖርት አካላት በቦርዳቸው ቢያንስ 30 በመቶ ሴት እንዲኖራቸው የሚጠይቅ ደንብ በሥራ ላይ አዋለ። ማህበሩም ቦርዱን አሻሽሎ ለሴቶች 3 ወንበር አደረገ። ደንቡን ያልተከተለ ገንዘብ ያጣል፤ ምስጢሩ ይህ ነው። በጥር 2022 ዴቢ ሒዊት የማህበሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሊቀመንበር ሆነች። 148 ዓመት ስብከት ያላመጣውን የበጀት አንቀጽ በ5 ዓመት አመጣው።

ፊፋም እንዲሁ ነው። የቡሩንዲ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረችው ሊዲያ ንሴኬራ በ2012 የፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ2013 በምርጫ ጸናች። መንገዱን የከፈተችው ከአውሮፓ ሳይሆን ከምሥራቅ አፍሪካ መሆኗ ብዙ አይነገርም። ከዚያ በ2015 የፊፋ አለቆች በሙስና ሲታሰሩ ድርጅቱ ራሱን ማጠብ ነበረበትና በየካቲት 2016 ከእያንዳንዱ አህጉር ቢያንስ አንዲት ሴት በምክር ቤቱ እንድትኖር ደነገገ። በዚያው ዓመት ሴኔጋላዊቷ ፋትማ ሳሙራ ከተባበሩት መንግሥታት መጥታ ዋና ጸሐፊ ሆነች።

ኮታ ግን መራጩን አይቀይርም። በ2017 እስያ ለሴት የተመደበውን ወንበር ስትሞላ የተወዳደሩት ሁለት ናቸው። አንዷ ሞያ ዶድ፣ የቀድሞ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች፣ የሕግ ባለሙያ፣ ያንን የ2016 ማሻሻያ ከገፉት ዋነኛዋ። ሌላዋ ማህፉዛ አክተር ኪሮን፣ ከባንግላዴሽ። ያሸነፈችው ኪሮን ነች። ከድሏ በኋላ የቢቢሲ ጋዜጠኛ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ባለድል ማን እንደሆነ ሲጠይቃት መልሱን ወዲያው ማግኘት አቅቷት ሌሎች አገሮች ጠቀሰች። ዓለም ሳቀባት። መሳቅ ቀላል ነው። የመረጧት ግን የአህጉሩ ፌዴሬሽኖች ተወካዮች ናቸው፤ እነሱም ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። የምትከራከራቸውን አውቀው ተዉ፤ ደንቡ ግን በሥርዓቱ ተሟላ።

ይህን የተረዳችው የኖርዌይ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሊሴ ክላቬነስ ይመስላል። የቀድሞ ተጫዋች፣ ዳኛ ሆና የሠራች የሕግ ሰው። በመጋቢት 2022 ተመርጣ ወሩ ሳያልቅ ዶሃ በፊፋ ጉባኤ ላይ ስለ ስታዲየም ሠራተኞች ሞትና መብት ተናገረች፤ አዳራሹ ቀዘቀዘ። በሚያዝያ 2023 ለአውሮፓ ማህበር ሥራ አስፈጻሚ ስትወዳደር ለሴት የተመደበችውን አንዲት ወንበር ትታ ከወንዶቹ ጋር ተሰለፈች። ሴት ለአንዲት ወንበር ብቻ እርስ በርሷ መፎካከር የለባትም የሚል አቋም ነበራት። ከ55 ድምፅ 18 አገኘች፤ ተሸነፈች። በ2025 ማህበሩ የሴቶቹን ወንበር ከ1 ወደ 2 ሲያሳድግ ክላቬነስ በሁለተኛው ገባች። በጀግንነት ያልተከፈተው በር በአንቀጽ ተከፈተ። ይህ ኮታን ያስወቅሳል ወይስ ያስመሰግናል? ሁለቱንም ማለት ይቻላል፤ ግን 18 የሚለውን ቁጥር መርሳት አይቻልም።

*

የወንበሩ ዋጋ በግልጽ የታየበት ቀን ነሐሴ 25 ቀን 2023 ነው። የስፔን ሴቶች የዓለም ዋንጫን በወሰዱ በአምስተኛው ቀን፣ ፕሬዚዳንታቸው ሉዊስ ሩቢያሌስ በሽልማቱ መድረክ ጄኒ ኤርሞሶን ያለፈቃዷ ስለሳመ በፌዴሬሽኑ ጉባኤ ፊት ቆመ። ይለቃል ተብሎ ሲጠበቅ አልለቅም፣ አልለቅም እያለ ደጋገመ። አዳራሹ አጨበጨበ። አጨብጫቢው ከሞላ ጎደል ወንድ ነበር። ካጨበጨቡት መካከል የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሳይቀር ነበረበት። የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት ሴቶች በዚያ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ አልነበራቸውም። ሩቢያሌስን ያወረደው የአዳራሹ ምርጫ አይደለም፤ የተጫዋቾቹ አድማ፣ የፊፋ እገዳና የመንግሥት ግፊት ነው። በ2025 ፍርድ ቤት በጾታዊ ጥቃት ጥፋተኛ ብሎ 10,800 ዩሮ ቀጣው።

የክለቡ ባለቤት አባሉ በሆነባቸው አገሮች ደግሞ ሌላ መንገድ ታይቷል። የጀርመኑ ሳንክት ፓውሊ የቁጥጥር ቦርድ በ2014 ሳንድራ ሽቬድለርን ሊቀመንበር አደረገ፤ ከደጋፊው ወገን የመጣች ነች። የሃምቡርጉ ሐ ኤስ ፋው ደግሞ ቀደም ብሎ በ2003 የቀድሞዋን ግብ ጠባቂ ካትያ ክራውስን ወደ ሥራ አመራሩ አስገብቶ ነበር። ብራዚል ውስጥ በሚሊዮኖች የሚደገፈው ፍላሜንጎ በ2009 መጨረሻ የቀድሞዋን የኦሎምፒክ ዋናተኛ ፓትሪሺያ አሞሪምን በአባላት ድምፅ መረጠ። አሞሪም ሮናልዲንዮን አመጣች፤ እሱ ግን በ2012 ደሞዜ አልተከፈለኝም ብሎ ክለቡን ከሶ ሄደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ተሸነፈች። እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። የወደቀችው ሴት ስለሆነች አይደለም፤ ሒሳቡ ስላልተስተካከለ ነው፤ እንደማንኛውም የክለብ ፕሬዚዳንት። የፓልሜራስን ክለብ ስፖንሰር የነበረችው ሌይላ ፔሬይራ ደግሞ በ2021 ተመርጣ በ2024 በድጋሚ ተመርጣለች።

*

የኛስ?

አትሌቲክሱ ለራሱ መንገድ አለው። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ደራርቱ ቱሉ ነች። በኅዳር 2018 ኃይሌ ገብረሥላሴ ከፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትነት ሲለቅ ቦታውን የተረከበችው እሷ ነች፤ በታህሳስ 2024 ስለሺ ስህን እስኪመረጥ ድረስ መርታለች። በአመራር ዘመኗ የተነሱባት ወቀሳዎች ብዙ ናቸው፤ የብሔራዊ ቡድን ምርጫ ውዝግብ በየኦሎምፒኩ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ሴት እንዴት ፌዴሬሽን ትመራለች ብሎ በአደባባይ የጠየቀ ብዙ አልተሰማም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሩጫ የሴቷ ወርቅ ከወንዱ ወርቅ እኩል ይመዝናል፤ ባንዲራው እኩል ይሰቀላል። መሰላሉ ከታች አልተቆረጠም።

እግር ኳሱ ግን ሌላ ነው። ሊዲያ ታፈሰ የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎችን በዳኝነት መርታለች። መሠረት ማኒ የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ አሰልጥናለች። ሎዛ አበራ ማልታ ሄዳ ጎል አግብታ አሜሪካ ደርሳለች። የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 በአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተሰልፏል። ፊሽካው፣ አሰልጣኝነቱና ሜዳው ላይ ሴት አለች።

ቦርዱ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች የከተማ አስተዳደር፣ የባንክ፣ የመከላከያ ወይም የሌላ መሥሪያ ቤት ናቸው። የክለብ ቦርድ የሚሰየመውም ብዙ ጊዜ በሹመት ነው፦ ከንቲባው ወይም የድርጅቱ ኃላፊ ሰብሳቢ ይሆናል፣ የፋይናንስና የስፖርት ቢሮ ኃላፊዎች አባል ይሆናሉ። እዚህ ቤት የውርስ በር የለም፣ የግዢ በር የለም፣ የደጋፊ ድምፅም በጥቂት ክለቦች ካልሆነ የለም። ያለው የደብዳቤ በር ነው። ሴት ኃላፊ ስትሾም ከወንበሯ ጋር የክለቡ ቦርድ አባልነት ይመጣል፤ ስትነሳ አብሮ ይነሳል። ኳስ የምታውቅ መሆኗ፣ ተጫውታ ማለፏ፣ ደሞዝ ያልተከፈላቸው ተጫዋቾች በር ላይ ሲሰለፉ ምን እንደሚባል ማወቋ በደብዳቤው ላይ አይጠየቅም። በእርግጥ ለወንዱም አይጠየቅም።

ነገር ግን ይኸው ደብዳቤ በሌላ በኩል ሲታይ እንግሊዝ 148 ዓመት የፈጀችበትን ነገር በአንድ ቀን ሊሠራ የሚችል ወረቀት ነው። የክለቡ ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ከዘጠኝ የቦርድ አባላት ሦስቱ ሴት፣ ከእነሱም አንዷ የቀድሞ ተጫዋች ትሁን ብሎ ለመጻፍ ጉባኤ መጥራት፣ ባለሀብት መለመን ወይም ሰው እስኪሞት መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የከንቲባው ፊርማና ማህተም ነው። የሚቀጥለው የውድድር ዓመት በጀት ሲጸድቅ፣ የሴቶቹ ቡድን ትራንስፖርትና የሜዳ ኪራይ ከዝርዝሩ መጀመሪያ የሚሰረዝ መስመር መሆኑን የሚያውቁ ተጫዋቾች በየከተማው አሉ፤ ስልካቸውም ይታወቃል።